ከአሮጌ አንሶላ ቅያሪ ልብስ

ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ከወጣቶች ጽሑፍ ይልቅ ለእናቶች ጓዳ የሚስማማ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ይኸውም በየቤታችን ከቁም ሣጥን አናት ላይና ከአልጋ ሥር ታጥፈው የተቀመጡትን አሮጌ አንሶላዎች፣ መጋረጃዎች፣ የትራስ ልብሶችና ጋቢዎች ወደሚለበስ ልብስ ስለ መለወጥ ነው። ወንድሞችም ገጹን ገልብጣችሁ እንዳታልፉት አደራ እንላለን። በከተማችን በየበረንዳው የስፌት መኪና የሚረግጡት ብዙዎቹ ወንዶች አይደሉምን?

ርእሱን የመረጥነው በሠፈራችን የምናየው አንድ ችግር ስላስገደደን ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የደንብ ልብስ በነፃ ማደል በመጀመሩ፣ መስከረም በመጣ ቁጥር ወላጅን ያስጨንቅ የነበረው አንዱ ወጪ ቀሎለታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚቀይረው ልብስ ከሌለው ያንኑ ዩኒፎርም እንደ ለበሰ ይጫወታል፣ ውሃ ይቀዳል፣ አንዳንዴም ይተኛበታል። ስለዚህ ለዓመት የታሰበው ልብስ ገና ገና ሳይደርስ ክርኑና መቀመጫው ይሳሳል። ቅዳሜ ዩኒፎርሙ ታጥቦ ሲሰጣ ደግሞ ልጁ እስኪደርቅለት ድረስ የእናቱን ነጠላ አገልድሞ ከቤት አይወጣም። ሰማዩ ደመና ከሆነና ልብሱ ካልደረቀ እሑድ ጠዋትም ከእኛ ጋር አይገኝም። ለምን ቀረህ ተብሎ ቢጠየቅ «አሞኝ ነበር» ይላል እንጂ እውነቱን አይናገርም። እንግዲህ እኛ ቅያሪ ልብስ የምንለው ይህን ክፍተት የሚሞላውን ነው፤ አንድ ቁምጣ፣ አንድ ጥብቆ፣ አንድ ቀሚስ።

ጨርቅ በሠፈራችን ጠፍቶ አይደለም። ኢምፔሪያል ሆቴል ስሙን ያወረሰው ይህ አካባቢያችን ቀለበት መንገድ የሚያልፍበት፣ በአንድ ወገን ወደ ገርጂ፣ በሌላ ወገን ወደ መገናኛ የሚያደርስ፣ ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ፣ ባለ መስታወት ፎቅና አፓርታማ የበዛበት ነው። ባለ ትልቅ መስኮት ቤት ትልቅ መጋረጃ አለው፤ ብዙ አልጋ ያለው ቤት ብዙ አንሶላ አለው። መጋረጃው ከሶፋው ቀለም ጋር አልሄደም ተብሎ ይለወጣል። አንሶላው መካከሉ ሳስቷል ተብሎ ይወጣል። ከዚያው ፎቅ ጀርባ ባለው ግቢ ደግሞ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖራል፤ ነጠላ ያገለደመው ልጅም ያለው እዚያው ነው።

በሁለቱ መካከል ጠዋት ጠዋት «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ የሚያልፍ ሰው አለ። ለአሮጌ ልብስና ጨርቅ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ሳህን ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። ቁራሌው እንደዚሁ ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን ሰብስቦ ይወስዳል፤ ብዙው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ እንደገና ሌላ ነገር ይሆናል። እነዚህ ወንድሞቻችን በላባቸው የሚያድሩ፣ ከተማይቱ የጣለችውን የሚያነሡ ስለሆኑ ነቀፌታ አንሰነዝርባቸውም። ቢሆንም ሂሳቡን እናስላው። አንድ ባለ ሁለት ክንፍ መጋረጃ ሁለት ጉርድ ቀሚስና ሁለት ቁምጣ ይወጣዋል። ሳፋው ደግሞ ፀሐይ ላይ ከተተወ በዓመቱ ይሰነጠቃል።

«ልባሽ ጨርቅ መግዛቱ አይቀልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ድሮ ይቀል ነበር። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ስለ ናረ፣ ሦስት ልጅ ላለው ቤት ልባሹም ቢሆን ቀላል አልሆነም።

አያቶቻችን ጨርቅን እንዲህ በቀላሉ አያሰናብቱም ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጥጡን ያባዘቱት፣ በእንዝርት የፈተሉት ራሳቸው ነበሩ፤ ሸማኔው ዘንድ ከመድረሱ በፊት የብዙ ሌሊት ድካም አልፎበታል። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ጠርዙ ሲበላ ይቆረጥና የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። መጠቅለያው ሲያረጅ የእንጀራ መሸፈኛ፣ ያም ሲሳሳ የጠላ ማጥለያ፣ በመጨረሻም የምጣድ ማሰሻ ሆኖ ያልቃል። ነጠላም እንደዚሁ ሻሽና መቀነት እየሆነ ይወርዳል። በኋላ ከውጭ የመጣው አቡጀዲ እንኳ አንሶላ፣ የፍራሽ ልብስ፣ ገበር እየሆነ ሦስት አራት ጊዜ ያገለግል ነበር።

በሌላም አገር ይኸው ነው። በቤንጋል ሴቶች ያረጁ ሳሪዎቻቸውን ደራርበው በጥቃቅን ስፌት እያያያዙ «ካንታ» የሚባል ሞቃት መደረቢያ ይሠራሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኑሮ ድቀት ዘመን እናቶች ከጥጥ የዱቄት ከረጢት የልጆች ቀሚስ ይሰፉ ስለ ነበር፣ ነጋዴዎቹ ይህን አይተው ከረጢቱን አበባ ባለው ጨርቅ መሥራት ጀመሩ። የእኛ የዘመኑ ከረጢት ፕላስቲክ ሆነና ነገሩ አልሆነልንም፤ ስንዴም ይያዝበት ስኳር «ማዳበሪያ» ብለን እየጠራነው ከዘንቢልነት አላለፈም። በእንግሊዝም ከ1941 እስከ 1949 እ.ኤ.አ. ልብስ በራሽን ይታደል በነበረ ጊዜ፣ መካከሉ የሳሳ አንሶላ ለሁለት ተቀድዶ ጠንካራዎቹ ዳርና ዳሮች ወደ መካከል እየተጋጠሙ ይሰፉ ነበር። ይህችን የመጨረሻዋን ብልሃት ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ከአንድ እውነተኛ ፍርሃት ጋር መነጋገር አለብን። ብዙ ወላጆች «ልጄን ድሪቶ አላለብሰውም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ድሪቶ የለበሰ ልጅ በጓደኞቹ መካከል ምን እንደሚሰማው ማንም አይስተውም። እኛም የምናስተምረው መጣፍ አይደለም። አንሶላው ተፈትኖ፣ ደካማው ክፍል ወጥቶ፣ ጠንካራው ብቻ በልጁ ልክ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ታጥፎ፣ በካውያ ተተኩሶ ሲወጣ ከሱቅ የመጣ ይመስላል። የመጋረጃው አበባ ከየትኛው ሳሎን እንደ መጣ የሚያሳውቅ ከሆነ ደግሞ ጨርቁን በጀርባው በኩል ወይም ቀለም ነክሮ መስፋት ነው። በሠፈራችን መጋረጃ ይተዋወቃልና ይህን አትናቁት።

ስፌት የሚችሉ እኅቶች አጠገባችን አሉ። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለውጭ ገበያ ልብስ ይሰፋል፤ ከእኛ ወገን ብዙ ወጣት ሴቶች እዚያ ሠርተዋል፣ ይሠራሉም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ የመግባት ዕድሏን ካጣች በኋላ በኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን ሥራቸውን ያጡም አሉ። በፋብሪካ አንዷ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላዋ እጅጌ ብቻ ስለምትሰፋ፣ እጇ የፈጠነ ሆኖ ሳለ ልብስን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆርጣ የማታውቅ እኅት ልታጋጥማችሁ ትችላለች። እርሷ መኪናውን ለእኛ ታስተምር፤ አቆራረጡን አብረን እንማር።

ጨርቁን መመርመር

መጀመሪያ ጨርቁን በመስኮት ወይም በበር ብርሃን ላይ ዘርግቶ ማየት ነው። የሳሳው ቦታ እንደ ወንፊት ብርሃን ያሳልፋል። በዚያ ዙሪያ በጠመኔ ወይም በደረቀ የሳሙና ስባሪ መስመር አስምሩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት። በረንዳ ላይ የሚሠሩ ሽማግሌ ልብስ ሰፊዎች ጨርቁን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ሲስቡት ታያላችሁ፤ ውስጡ የበሰበሰ ክር ሲበጠስ ጠቅ ጠቅ ይላል። እንዲህ የሚል ጨርቅ ምንም ቢያምር መቀስ አይነካው፣ ድካም ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ለዓመታት የተሰቀለ መጋረጃ በተለይ እንዲህ ይሆናል፤ ፀሐይ ክሩን ከውስጥ ታደክመዋለችና። በበረኪና ብዙ ጊዜ የታጠበ ነጭ አንሶላም ያንኑ ያህል ይጠረጠራል።

ሁለተኛው ምርመራ ጨርቁ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ነው። ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር መዛችሁ፣ ውሃ ባለበት የብረት ሳህን ላይ፣ ትናንሽ ልጆች በሌሉበት በክብሪት አቃጥሉት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ የሚተወውም ሲነኩት የሚበንን ግራጫ አመድ ነው። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ይህ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ፖሊስተር ላብ ስለማይመጥ ለሰውነት ቅርብ ለሚሆን ለልጅ ልብስ አይመችም፤ እሳት አጠገብም ሲቀልጥ ሰውነት ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ማታ እናቱ ምድጃ አጠገብ ለሚቀመጥ ልጅ ጥጥ እንመርጣለን። የፖሊስተሩ መጋረጃ ለአዋቂ ጉርድ ቀሚስ፣ ለቦርሳና ለሽርጥ ይሁን።

ሦስተኛው ማጠብ ነው። ጥጥ ገና ሳይታጠብ ከተቆረጠ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ ሦስትና አምስት እጅ ያህል ሊሰበሰብ ይችላል። የአንድ ሜትር ርዝመት አምስት ሴንቲ ሜትር አጣ ማለት ነው። አሮጌው አንሶላ ተሰብስቦ የጨረሰ ስለሆነ ከዚህ አደጋ ነፃ ነው፤ ለኪስ ወይም ለጠርዝ ብላችሁ ከሱቅ ያመጣችሁት አዲሱ ጨርቅ ግን በሞቀ ውሃ ታጥቦ ደርቆ ካልሆነ አብረው አይሰፉም። አዲሱ ሲሸበሸብ አሮጌውን ይዞ ይቀድደዋል። በወንጌል ስለ አሮጌ ልብስና ስለ አዲስ እራፊ የተነገረውን ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን፤ ምሥጢሩ ሌላ ቢሆንም የልብስ ሰፊን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ምሳሌ መሆኑን መርፌ የያዘ ሁሉ ይረዳዋል።

ድርና ማጉን መለየት

ጨርቅ ሁሉ በርዝመቱ ድር፣ በወርዱ ማግ አለው። ድሩ ሲሳብ እምቢ ይላል፤ ማጉ ጥቂት ይለቃል፤ በሰያፍ ሲሳብ ግን ጨርቁ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። በፋብሪካ የተሠራ አንሶላ የማይተረተር ጠርዝ ካለው ድሩ ከዚያ ጠርዝ ጋር ትይዩ ነው። ጠርዙ ተቆርጦ ከሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ሳቡት፤ የማይለቀው ድሩ ነው። ልብስ ሲቆረጥ ድሩ ከትከሻ ወደ እግር መውረድ አለበት። በጠማማ የተቆረጠ ሱሪ ከሁለት እጥበት በኋላ አንዱ እግሩ ወደ ጉልበት ይዞራል። ጨርቅ ለመቆጠብ ብሎ ንድፉን ማዝመም ብዙ ሰው የሚፈተንበት ነገር ነው፤ ትርፉ ግን የማይለበስ ልብስ ነው።

አሁን አንሶላውን እናንብበው። ለአንድ ሰው አልጋ የሚሆን አንሶላ ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር ከ50 ወርድና 2 ሜትር ከ20 ያህል ርዝመት አለው። የሚሳሳው ትከሻና ዳሌ የሚያርፍበት መካከሉ ነው። በግራና በቀኝ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በእግርጌም ፍራሽ ሥር የሚጠቀለለው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደ አዲስ ሆኖ ይቀራል። እንግሊዞቹ ዳሩን ወደ መካከል ያመጡት ይህን አውቀው ነው። እኛ ግን አልጋ ላይ አንመልሰውም፤ ከእግርጌው ቁምጣ፣ ከጎኖቹ ጥብቆ እናወጣለን።

ቁምጣ

ንድፍ ለማውጣት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ልጁ የሚለብሰውን፣ የሚበቃውን ቁምጣ ወስዳችሁ አንዱን እግር በሌላው ውስጥ አጥፉት፤ ጋዜጣ ላይ አስተኝታችሁ በእርሳስ ዙሩት። የኋላው ወገብ ከፊቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ ልጁ ሲቀመጥ ጀርባው ይገለጣል። በመስፊያው በኩል ሁሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ በወገቡ ለላስቲክ አራት፣ በእግሩ ጫፍ ለእጥፋት ስድስት ጨምሩ። ስድስት በዛ አትበሉ፤ ልጁ ሲያድግ ተተርትሮ ይረዝምለታል። የፊቱንና የኋላውን ወረቀት በውጭ ጎናቸው ካጋጠማችሁ አንድ እግር ባንድ ቁራጭ ይወጣል፣ የጎን ስፌትም ይቀራል። ለስድስት ዓመት ልጅ አንዱ ቁራጭ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ሁለቱ እግሮች በእግርጌው ጥብጣብ ላይ ጎን ለጎን ይበቃሉ፤ ለኪስ የሚሆንም ይተርፋል። እዚህ ላይ ድሩ ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ መሆኑን ልብ በሉ።

ስፌቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱን እግር ለብቻው፣ የጨርቁን ፊት ወደ ውስጥ አጥፋችሁ፣ የውስጥ ጭኑን ስፉ። አሁን ሁለት ቱቦ አላችሁ። አንዱን ገልብጡና በሌላው ውስጥ አስገቡት፤ ፊትና ፊታቸው ይገናኛል። ከፊት ወገብ ጀምራችሁ በመቀመጫው ዞራችሁ እስከ ኋላ ወገብ ባንድ ጉዞ ስፉት። ይህ መስመር ልጁ ሲቀመጥ፣ ሲሮጥ፣ አጥር ሲዘል ሸክሙን ሁሉ የሚችል ስለሆነ በላዩ ሁለተኛ መስመር ድገሙበት። ለወገቡ አንድ ሴንቲ ሜትር ከዚያም ሦስት ሴንቲ ሜትር አጥፋችሁ ስፉና ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት ተዉ። ላስቲኩን ከልጁ ወገብ አራት ሴንቲ ሜትር አሳጥራችሁ፣ ጫፉን መርፌ ቁልፍ ላይ አስራችሁ በክፍተቱ አስገቡት። ጫፍና ጫፉን ሰፍታችሁ ክፍተቱን ዝጉ።

የስፌት መኪና የሌለው ሰው አይዘን። በእጅ ሲሰፋ መርፌውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት አውጥቶ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየመለሱ መውጋት ነው፤ እንዲህ የተሰፋ መስመር አንዱ ክር ቢበጠስ እንኳ ሁሉም አይተረተርም። ቁምጣው በእጅ አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል። ተቀምጠን ስንጨዋወት የምናጠፋውን ጊዜ እናስበው።

ጥብቆና የትራስ ልብስ

ከጎንና ከጎን የተረፉት ሁለት ጥብጣቦች ደረቱ 54 ሴንቲ ሜትር ለሆነ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን ጥብቆ ይበቃሉ። ደረቱ ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ማላቀቂያ ጨምሩና ለሁለት ክፈሉት፤ 32 ይሆናል፤ ለስፌቱ ሦስት ሲጨመር 35። አንዱ ጥብጣብ ለፊት፣ አንዱ ለጀርባ ማለት ነው። ራሱ በአንገቱ መግባቱን ከመቁረጣችሁ በፊት በሜትር ለኩ፤ የሕፃን ራስ ከደረቱ ብዙም አያንስም። የማይገባ ከሆነ በጀርባው በኩል ስንጥቅና አንድ ቁልፍ ያስፈልገዋል።

ለትንንሽ ሴቶች ልጆች ከሁሉ የሚቀለው የትራስ ልብስ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ ሥራ አስቀድሞ ተሠርቷል። 50 በ70 የሆነውን ወስዳችሁ የተዘጋውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጉት። የትራሱ መግቢያ ታጥፎ የተሰፋ ስለሆነ የቀሚሱ የታች ጠርዝ እርሱ ነው። የላዩን ስፌት ተርትሩት። ከሁለቱም የላይ ማዕዘን አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ፣ 13 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች እያጎበጣችሁ ለክንድ ቁረጡ። ከተረፈ ጨርቅ በሰያፍ ሦስት ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጥብጣብ ቆርጣችሁ የክንዱን ዙሪያ ክበቡት፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጥብጣብ ብቻ ነው ኩርባውን ሳይሸበሸብ የሚከተለው። የፊቱንና የጀርባውን የላይ ጠርዝ ለየብቻ ሦስት ሴንቲ ሜትር አጥፋችሁ ስፉና ገመድ ያዙበት፤ ትከሻና ትከሻ ላይ ይታሰራል። ገመዱ ከቋጠሮው በኋላ የሚንጠለጠለው አጭር ይሁን። ለሕፃናትማ ገመድ ቀርቶ ጠፍጣፋ የትከሻ ጥብጣብ ተሰፍቶ ይለቅ፤ አንገት አጠገብ ገመድ አያሻም። ይህ ቀሚስ ለአምስት ዓመት ልጅ ከጉልበት በታች፣ ለስምንት ዓመት ልጅ ከጉልበት በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ሦስት ዓመት ያገለግላል።

ስለ መጋረጃው ብዙ አንልም። ወርዱ የዳሌን ልክ አንድ ጊዜ ተኩል ከሆነ፣ የታቹን እጥፋት እንዳለ ትቶ፣ ላዩን በላስቲክ ሰብስቦ፣ አንድ የጎን ስፌት ብቻ ሰፍቶ ጉርድ ቀሚስ ማውጣት ነው።

ጋቢ

ጋቢን ግን በዝግታ እንየው፤ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የሸማኔ ሥራ ልል ስለሆነ መቀስ ሲነካው በአራቱም ድርብ ይተረተራል። ጥንቃቄው፦ ንድፉን በጠመኔ ካወጣችሁ በኋላ ከመቁረጣችሁ በፊት በመስመሩ ላይ ሁለት ስፌት፣ አንዱን ከሌላው ግማሽ ሴንቲ ሜትር አራርቃችሁ ስፉ። ከዚያ መቀሱን ከስፌቶቹ ውጪ ባለው በኩል አስኪዱ። አራቱ ድርቦች እንዳይንሸራተቱ አስቀድሞ በትልልቅ የእጅ ስፌት ማያያዝ ደግሞ ግድ ነው፤ እነዚያ ክሮች በኋላ ይወጣሉ። ከእንዲህ ያለ ጋቢ እጅጌ የሌለው ሰደርያ ይወጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ከሹራብ አያንስም። ጠርዙን በአንሶላ ጥብጣብ ክበቡት፤ ጋቢን እንደ አንሶላ ሁለት ጊዜ ማጠፍ አይቻልም፣ ወፍሮ መርፌ ይሰብራል። የሟች አያትና አባት ጋቢ ሲሆን ግን ከቤቱ ሰው ፈቃድ ሳይጠየቅ መቀስ አይነሣ። አንዳንዱ ጋቢ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው ለሌላ ነገር ነው።

ስለ አሰጣጡ

ይህ ሁሉ ተሠርቶ የሚበላሽበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሲሰጥ ነው። በጉባኤ ፊት ስም ተጠርቶ የተሰጠን ልብስ ልጁ አይለብሰውም፤ ቢለብሰውም ከየት እንደ መጣ ሁሉ ያውቃልና ዩኒፎርሙን ይመርጣል። ስለዚህ በማኅበራችን የተስማማንበት ሥርዓት እንዲህ ነው። ልኬት ስንወስድ የሕፃናት ክፍልን ልጆች ሁሉ፣ ያለውንም የሌለውንም፣ በመዝሙር ልምምድ ቀን በተራ እንለካለን። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት። ከዚያ ቅያሪ እንደሌለው የምናውቀውን ልጅ እናት በውሃ ቦኖው ወይም በወፍጮ ቤቱ መንገድ ከእኛ መካከል ለእርሳቸው የምትቀርብ አንዲት እኅት ታነጋግራለች። «እትዬ፣ ስፌት እየተማርን ነው፤ የሰፋነው እንዴት እንደ ሆነ ልጅዎ ላይ ይለኩልን» ብትል ሐሰት አልተናገረችም፤ እየተማርን ነውና። እናትየው ካልወደዱት ይመልሱታል፤ ቀለሙ ካልተስማማቸው ይናገራሉ። ይህ መብት ለእርሳቸው መቅረቱ ከልብሱ እኩል ይቆጠራል።

ልብሱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ በተራ ፌስታል ይሰጣል። የመጋረጃው ባለቤት ማን እንደ ሆኑ ለተቀባዩ አይነገርም፤ ልብሱ ለማን እንደ ደረሰም ለመጋረጃው ባለቤት አይነገርም። የልኬቱ ደብተር የሚቀመጠው ከእኅቶች በአንዷ ዘንድ ነው። ልጅ በስድስት ወር ውስጥ ስለሚያድግ በኅዳር የለካናቸውን በግንቦት እንደገና እንለካቸዋለን።